የትራክሽን ኮንትሮል መብራት ሲበራ፦ ሴንሰር ልግዛ፣ ኮምፒውተር ላስደርግ ወይስ ዝም ብዬ ልንዳ?

ያቺ ከኋላዋ ሁለት የተጣመመ መስመር ያላት የመኪና ምስል ዳሽቦርድ ላይ ቢጫ ሆና ስትበራ አብዛኛው ሰው ቀጥታ መካኒኩ ጋ ደውሎ «ሴንሰር ስንት ገባ?» ነው የሚለው። እኔም ያደረኩት እሱን ነው። ሁለት ሴንሰር ገዛሁ፣ ሁለቴ የእጅ ከፈልኩ፣ መብራቱ ግን ንቅንቅ ሳይል ሦስት ሳምንት አብሮኝ ዞረ። ታሪኩን ወደታች አወራችኋለሁ፣ አሁን ግን ሰው ሲጠይቀኝ የምለው አንድ ነገር ነው፦ ከዕቃው በፊት የምርመራውን መንገድ ምረጡ። በዚህ መብራት ብዙ ብር የሚበላው ግምት ነው፣ ብልሽቱ ራሱ ብዙ ጊዜ ትንሽ ነገር ነው።

ትራክሽን ኮንትሮል እኮ ለብቻው የተቀመጠ ዕቃ አይደለም፣ ኤቢኤሱ (ሀይለኛ ፍሬን ስትረግጡ ጎማው እንዳይቆልፍ የሚያደርገው ሲስተም) ላይ የተደረበ ስራ ነው። በአራቱም ጎማ በኩል ፍጥነት የሚለካ ሴንሰር አለ፣ የኤቢኤሱ ኮምፒውተር አራቱን ቁጥር እያስተያየ ይቀመጣል፣ ነዳጅ ስትሰጡ አንዱ ጎማ ጭቃ ላይ ብቻውን መሽከርከር ሲጀምር እሱን ጎማ በፍሬን ያዝ ያደርገዋል ወይ ደግሞ ሞተሩን ጉልበት ቀንስ ይለዋል። ታዲያ ከአራቱ አንዱ ቁጥር ከጠፋበት ወይ ከተዛባበት ምኑን ከምን ያስተያያል? ስራውን ያቆምና መብራቱን ያበራላችኋል። ለዛ ነው ብዙ ጊዜ የኤቢኤስ መብራትም አብሮት የሚበራው።

እ.ኤ.አ. ከ2012 ሞዴል ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ የሚሸጥ የቤት መኪና በሙሉ ይሄን ሲስተም (ከነመረጋጊያው፣ ቶዮታ ቪኤስሲ የሚለውን) የግድ እንዲኖረው ተደርጓል፣ አውሮፓም ከ2014 መጨረሻ ጀምሮ እንደዛው ነው። ስለዚ ከውጭ የሚገባ ያገለገለ መኪና አዲስ በሆነ ቁጥር ይሄ መብራት አይቀርላችሁም፣ ድሮ በነበራችሁ ኮሮላ አይታችሁት ስለማታውቁ አትደንግጡ።

መጀመሪያ ብር የማያስወጣው

አንዳንዴ ምንም አልተበላሸም። መኪናዬን ላቫጆ አሳጥቤ ወጥቼ «ትራክ ኦፍ» የሚል መብራት በርቶ ሳየው ልቤ ቀጥ አለ፣ ለካ ልጁ ዳሽቦርዱን በጨርቅ ሲጠርግ ማጥፊያዋን ቁልፍ ተጭኗታል። ኦፍ የሚል ጽሑፍ ካለው አንዴ ቁልፏን ተጫኑ፣ ወይ ሞተር አጥፍታችሁ አስነሱ፣ አለቀ። ፕራዶ ወይ ላንድክሩዘር የምትነዱ ደግሞ የመሃል ዲፈረንሻሉን ስትቆልፉ መብራቱ ቢበራ ጤነኛ ነው፣ ሲስተሙ አውቆ ራሱን እያስወጣ ነው። ሲያንሸራትት ብልጭ ብልጭ ብሎ የሚጠፋ ከሆነም ስራውን እየሰራ ነው፣ እንደውም አመስግኑት። ችግር የሚባለው ሞተር ካስነሳችሁ በኋላ ሳይጠፋ ደምቆ የሚቀረው ነው።

እሱ ከሆነ ደግሞ ከጎኑ ማን አብሮ እንደበራ እዩ። ይሄ ለብቻው ግማሽ ምርመራ ነው፣ እና ነጻ ነው።

ከኤቢኤስ ጋር ከበራ ጉዳዩ ብዙ ጊዜ ጎማ አካባቢ ነው፣ ሴንሰር ወይ ሽቦ ወይ ኩሽኔታ (ጎማው የሚዞርበት ቤሪንግ)። ከቼክ ኢንጅን ጋር ከበራ ግን ጎማ አካባቢ አትድረሱ! ቶዮታ ላይ ሞተሩ አንድ ነገር ሲያመው የትራክሽኑ ኮምፒውተር «ሞተሩ ስላልተመቸው እኔም አልሰራም» ብሎ ቪኤስሲውንም ትራክ ኦፉንም ያበራዋል፣ ኮዱም (ኮምፒውተሩ የሚመዘግበው የብልሽት ቁጥር) ሲ1201 ነው፣ ትርጉሙ በአጭሩ «ሞተሩን ጠይቁት» ነው። ኮይል ደክሞ አንድ ሲሊንደር መተኮስ ሲያቅተው፣ የኦክስጅን ሴንሰር ሲሞት፣ አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ የነዳጅ ክዳን ሳይጠብቅ ቀርቶ ሁሉ ሊሆን ይችላል። ሞተሩ ሲስተካከል እሱም አብሮ ይጠፋል፣ የጎማ ሴንሰር መቀየር ለዚህ ምንም አያደርግም።

ከቀዩ የፍሬን መብራት ጋር ከበራ ደግሞ ወሬ የለም፣ ቁሙ። የፍሬን ዘይቱን እዩ፣ ጎድሎ ከሆነ ወይ ሸራው አልቋል ወይ የሆነ ቦታ ያፈሳል። ዘይቱ ሙሉ ሆኖ ቀዩና ኤቢኤሱ አብረው ከበሩ የፊትና የኋላ ፍሬን የሚያመዛዝነው ክፍል ስራ አቁሟል ማለት ነው፣ ድንገት ስትረግጡ የኋላው ቀድሞ ሊይዝና መኪናው ሊዞርባችሁ ይችላል። እሱን ይዞ የዓባይን ሸለቆ ልውረድ የሚል ሰው ካለ ቤተሰቡን ያስብ።

ባትሪውንም እዩ። ቮልት ሲወርድ ቀድሞ ከሚያኮርፈው አንዱ ኤቢኤስ ነው። ሞተር ጠፍቶ 12.6 ቮልት አካባቢ፣ ሞተር ተነስቶ ከ13.5 እስከ 14.5 ካነበበ ጥሩ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ያላችሁም (በ2016 ዓ.ም. የቤንዚንና የናፍጣ መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ በዝታችኋል) አይመለከተንም እንዳትሉ፣ ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖ ትንሿ 12 ቮልት ባትሪ ስትደክም ዳሽቦርዱ ሰርግ ቤት ነው የሚመስለው።

ጎማ ደግሞ በጣም የሚረሳ ነገር ነው። ጎሚስታው ጋ ሄዳችሁ «ለጊዜው ይሄን ልግጠምልህ» ብሎ 175/65 የነበረው ላይ አንዱን 175/70 ካደረገው ዓይን አይለየውም፣ ግን በ14 ሪም የመጀመሪያው ዲያሜትሩ 583 ሚሊሜትር አካባቢ ሲሆን ሁለተኛው 600 ይደርሳል፣ ወደ 3 በመቶ ልዩነት ማለት ነው፣ ትልቁ ጎማ ሁሌም ቀስ ብሎ ስለሚዞር ኮምፒውተሩ ሌሎቹን «ምን ሆናችሁ ነው የምትሮጡት» ሊላቸው ይችላል። ስፔር ጎማ ገጥሞ ከርሞ መብራት በራብኝ የሚልም አለ። አራቱ ጎማ ላይ የተጻፈውን አንብቡ፣ ነፋሳቸውን አስተካክሉ፣ ከዛ ነው ወደሚቀጥለው የሚኬደው።

ኮዱን በምን ላስነብብ?

እዚህ ጋ ነው ዋናው ምርጫ። አምስት መንገድ አለ፣ አምስቱንም ሞክሬያቸዋለሁ፣ እኩል አይደሉም።

ርካሹ ያቺ በብሉቱዝ ከስልክ ጋር የምትገናኝ ትንሿ ዕቃ ናት፣ ኢኤልኤም 327 የሚሏት። አብዛኛው የሚሸጠው ኮፒ ነው፣ ቢሆንም ለሞተር ኮድ ትሰራለች፣ ስለዚ ቼክ ኢንጅን አብሮ ከበራ ከእሷ የተሻለ ግዢ የለም። ችግሩ ተራው አፕ የሚያነበው በፒ የሚጀምረውን የሞተር ኮድ ብቻ መሆኑ ነው፣ የኛ ደግሞ በሲ የሚጀምር ነው። ብዙ ሰው ሰክቶ «ምንም ኮድ የለም» ሲለው መኪናው ጤነኛ ይመስለዋል፣ ያልተጠየቀ ክፍል ምን ብሎ ይመልስ። አሜሪካ ያላችሁ የመለዋወጫ ሱቆቹ በነጻ የሚያነቡላችሁም ባብዛኛው ይሄንኑ የሞተሩን ስለሆነ የኤቢኤሱንም ያነቡ እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ሁለተኛው የድሮ መካኒኮች ዘዴ ነው፣ ቶዮታ ላይ ይሰራል፣ ሙሉ በሙሉ ነጻ ነው፣ እኔ በጣም ነው የምወደው። ከመሪው ስር ያለችው ባለ 16 ቀዳዳ ሶኬት ላይ 4 ቁጥርንና 13 ቁጥርን በአጭር ሽቦ አገናኝታችሁ ቁልፉን ኦን ስታደርጉ (ሞተር ሳይነሳ) የኤቢኤሱና የቪኤስሲው መብራት መቁጠር ይጀምራል፣ ሦስት ጊዜ ብልጭ ብሎ አረፍ ብሎ አንድ ጊዜ ብልጭ ካለ 31 ነው፣ የቀኝ ፊት ጎማ። 32 ግራ ፊት፣ 33 ቀኝ ኋላ፣ 34 ግራ ኋላ። በስካነር ሲነበብ እነዚሁ ሲ0200፣ ሲ0205፣ ሲ0210 እና ሲ0215 ሆነው ይመጣሉ። ምንም ኮድ ከሌለ ሳያርፍ እኩል እየተርገበገበ ይቀጥላል። ግን አደራ፣ 16 ቁጥር ላይ ቀጥታ ከባትሪ የመጣ ፖዘቲቭ አለ፣ ቀዳዳ ቆጠራ ላይ የማትተማመኑ ከሆነ ተዉት፣ ፊውዝ ብቻ ቢቃጠል ዕድለኛ ናችሁ።

ሦስተኛው ስካነር ይዞ ቤታችሁ ድረስ የሚመጣው የመኪና ኤሌክትሪሺያን ነው። ለአብዛኛው ሰው የኔ ምርጫ ይሄ ነው፣ ግን ከመምጣቱ በፊት በስልክ ሁለት ጥያቄ ጠይቁት። «ኮምፒውተርህ የኔን መኪና ኤቢኤስ ውስጥ ይገባል ወይ?» እና «እየነዳን የአራቱን ጎማ ፍጥነት ታሳየኛለህ ወይ?» ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ከተንተባተበ ሌላ ፈልጉ፣ ምክንያቱም ኮድ ማለት «ቀኝ ፊት አካባቢ ችግር አለ» ነው እንጂ «ሴንሰሩ ተቃጥሏል» ማለት አይደለም። ልዩነቱ የሚታየው አንዱ እየነዳ አንዱ ስክሪኑን ሲያይ ነው፣ በ20 በ30 ኪሎሜትር ቀስ ብላችሁ ስትሄዱ ሦስቱ ጎማ 28፣ 28፣ 28 ሲል አንዱ 0 ካለ ወይ 28 ብሎ ድንገት 11 ብሎ ተመልሶ 28 ካለ እጅ ከፍንጅ ተያዘ። ዝም ብሎ ዜሮ የሚል ከሆነ ሽቦ ተቆርጧል፣ ሴንሰር ሞቷል ወይ ኩሽኔታው ነው፤ ጉድጓድ ላይ ወይ መሪ ሲዞር ብቻ የሚጠፋ ከሆነ ሽቦ ነው ብዬ ነው የምጀምረው፤ ቀስ ስትሉ ጠፍቶ ስትፈጥኑ የሚመጣ ከሆነ ሴንሰሩ ጫፍ ላይ ቆሻሻ ተከማችቷል ወይ ክፍተቱ ሰፍቷል።

አራተኛው ትልቅ ጋራዥ ወይ የመኪናው ወኪል ነው። ውድ ነው፣ ወረፋም አለው፣ ለጎማ ሴንሰር እዛ ድረስ መሄድ በሬ ለማሰር ካቴና መግዛት ነው የሚመስለኝ። ሞጁል (የኤቢኤሱን ኮምፒውተር) መቀየርና ፕሮግራም ማድረግ ከመጣ ግን እዛ መሄዱ ያዋጣል።

አምስተኛው ላፕቶፕ ላይ የሚጫነው የቶዮታ ራሱ ሶፍትዌር፣ ቴክስትሪም፣ ከኬብሉ ጋር ነው። አንድ መኪና ላለው ሰው ትርፍ ጣጣ ነው፣ ሦስት አራት ቶዮታ ሜትር ታክሲ ላይ ያሰማራ ሰው ግን ሊያዋጣው ይችላል።

የኔ ሁለት ሴንሰሮች

ከአውሮፓ የገባ 2008 ያሪስ ነው ያለኝ። የቀኝ ፊት ኩሽኔታው መጮህ ጀመረ፣ 60 ስገባ እንደ አውሮፕላን ይጮኻል፣ ሰፈር ያለ ጋራዥ ወስጄ አስቀየርኩት። ጩኸቱ ጠፋ፣ ደስ አለኝ፣ አደባባዩን ሳልዞር ኤቢኤሱም ትራክሽኑም ግጥም ብለው በሩ። ተመለስኩ። መካኒኩ ምንም ሳይነካ «ሴንሰሯ ስትወጣ ተሰብራ ነው ወንድሜ፣ ያጋጥማል» አለኝ። እውነት ነው ያጋጥማል፣ በተለይ ክረምት መንገዱ ላይ ለበረዶው ጨው ከሚበተንበት አገር የመጡ መኪኖች ሴንሰራቸው ዝጎ ቤቱ ውስጥ ይጣበቃል፣ ሲያወጡት ይሰበራል። ስለዚ አመንኩት፣ ካርቶኑ የሚያምር ኮፒ ገዛሁ፣ ተገጠመ፣ መብራቱ አለ። «ኮፒው ነው፣ ኦሪጅናል ይሻላል» ተባልኩ፣ ሶማሌ ተራ ሄጄ ያገለገለ ኦሪጅናል ፈልጌ አመጣሁ፣ መብራቱ አሁንም አለ። ቀጥሎ «ሞጁሉ ነው» ሲሉኝ ነው የባነንኩት።

አንድ ሽማግሌ ኤሌክትሪሺያን ጋ ሰው ወሰደኝ። ኮምፒውተሩን ገና ከቦርሳው ሳያወጣ «መብራቱ ሳይበራ በፊት ምን አስነካህ ልጄ?» አለኝ። ኩሽኔታ አልኩት። «አሮጌው የታለ?» ደግነቱ ከኋላ ኮፈን ውስጥ በጨርቅ ጠቅልዬ ጥዬው ነበር። ከደብተሩ ላይ በጥፍሩ አንድ የስቴፕለር ሽቦ ነቀለ፣ የኩሽኔታውን አንድ ፊት ወደ ጎን አድርጎ አስጠጋት፣ ሽቦዋ ወደቀች። ገለበጠው፣ ቡናማ ጎማ የመሰለ ቀለበት ያለበት ፊት ላይ አስጠጋት፣ ጠብ አለች፣ ቀረች። «ያገሬ ልጅ፣ ሴንሰሩ የሚያነበው ይሄን ነው፣ ማግኔት ነው፣ ወደ ሴንሰሩ መዞር አለበት» አለኝና ጎማውን አስወልቆ ሴንሰሩን ነቅሎ በቀዳዳው በስልክ መብራት አሳየኝ፣ ውስጥ ያለው ቡናማ አይደለም፣ ነጭ የሚያብረቀርቅ ብረት ነው። ኩሽኔታው ተገልብጦ ነው የተመታው። ጋሼ አሁን ምን ይሻላል ስለው «ምን ይሻላል፣ ሌላ ኩሽኔታ ግዛ፣ ይሄ ሲወጣ ይበላሻል» አለኝ። እውነቱን ነው፣ በፕሬስ ገብቶ የወጣ ኩሽኔታ መልሶ አይገጠምም።

ልብ በሉ፣ ስካነር ብታስነብቡት ኮዱ ሲ0200 ነበር የሚለው፣ የቀኝ ፊት ሴንሰር። ኮዱ አልዋሸም፣ ከሴንሰሩ የሚመጣ ነገር የለም ነው ያለው፣ ለምን እንደሌለ ማወቅ የሰው ስራ ነው። ኩሽኔታ፣ አክስል ወይ ፍሬን ከተነካ በኋላ የበራ መብራት ሲሆን መጀመሪያ የተነካውን እዩ። አሮጌውን ዕቃም አትጣሉ፣ ጋራዥ ውስጥ አትተዉት፣ ጠይቃችሁ ተቀበሉ።

ዕቃ ከተባለ፣ የትኛውን?

ከመግዛት በፊት ማጠብ አለ። ሴንሰሩ ጫፉ ላይ ወይ ቀለበቱ ላይ ማግኔት ስላለው ከፍሬን የሚረግፈውን የብረት ዱቄት እየሳበ ጢም ያበቅላል፣ ኮብልስቶን አቧራና የክረምት ጭቃ ሲጨመርበት ያው ይደነቁራል። አንድ ብሎን ነው የያዘው፣ በቀስታ ነቅሎ በጨርቅና በፍሬን ማጽጃ ስፕሬይ ማጽዳት፣ የሽቦ ብሩሽ አይነካውም። አልወጣ ካለ ግን በካቻቢቴ አትፈልቅቁት፣ የዝገት ማላቀቂያ ነፍታችሁ ጊዜ ስጡት።

ሽቦውንም ተከተሉት። የፊት ጎማ ሴንሰር ሽቦ መሪ በዞረ ቁጥር ይታጠፋል፣ ጉድጓድ በገባችሁ ቁጥር ይወጠራል፣ ስለዚ የሚቆረጠው ሾክ አብዞርበሩ አጠገብ ባሉት ማሰሪያዎች አካባቢ ነው፣ ከላይ ፕላስቲኩ ደህና ሆኖ ውስጡ ብጥስ ያለ ያጋጥማል። መቀጠል ወይስ ሙሉውን መቀየር? ብዙ ፋብሪካዎች አትቀጥሉ ነው የሚሉት፣ እኔ ግን በደንብ ከተሰራ እቀጥላለሁ፣ በደንብ ማለት በቆርቆሮ ተበይዶ፣ በሙቀት የሚኮማተር ቱቦ ለብሶ፣ ሁለቱ ሽቦ እንደነበሩት ተጠማዘው ማለት ነው። በስኮች ብቻ የተጠቀለለ እስከ ሐምሌ ነው፣ ነሐሴ ላይ መብራቱ ይመለሳል። የተቆረጠው ሁሌ የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ከሆነ ግን ቀጥላ አይበረክትም፣ ቀይሩት።

ሴንሰሩ ራሱ ከሞተ፦ አዲስ ኦሪጅናል፣ አዲስ ኮፒ ወይ ያገለገለ ኦሪጅናል። ዋጋ አልጽፍላችሁም፣ የብሩ ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዛሬ የጻፍኩት ነገ ውሸት ነው የሚሆነው። በቅደም ተከተል ግን አቅም ካለ አዲስ ኦሪጅናል፣ ወይ ለፋብሪካዎቹ ራሱ ከሚሰሩት እንደ ዴንሶና ቦሽ ካሉት (ካርቶኑ የማይታመን ቢሆንም)፣ አቅም ከሌለ ያገለገለ ኦሪጅናል፣ ስም የለሹን ኮፒ መጨረሻ። ብዙ ሰው በዚህ ላይ ይከራከረኛል፣ አዲስ አዲስ ነው ይላል፣ እኔ ግን አንድ ክረምት ያላለፈ አዲስ ከምገዛ 10 ዓመት የሰራ አሮጌ ይሻለኛል። ሶማሌ ተራ ስትገዙ የሶኬቱ መቆለፊያ ጥርስ ያልተሰበረ፣ ሽቦው ሲታጠፍ የማይንኮሻኮሽ፣ ጫፉ ያልተሰነጠቀ፣ ከሁሉም በላይ «ካልሰራ እመልሳለሁ» ብላችሁ ቀድማችሁ የተስማማችሁበት ይሁን፣ ከከፈላችሁ በኋላ የሚባል ነገር ዋጋ የለውም። ቀኝና ግራ ይለያያል፣ የተመረተበት ዓመት ይለያያል፣ በሻንሲ ቁጥር አረጋግጡ። አሜሪካ ያለ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ አስይዛችሁ ልታስመጡ ካሰባችሁ በተለይ፣ እዛ የሚሸጠው ያሪስና እናንተ ጋ ያለው አንድ ላይሆን ይችላል፣ መመለሻ ደግሞ የለውም።

ኦም የሚለካ ሰው ካጋጠማችሁ ጠንቀቅ በሉ። የድሮው ባለ ጥቅል ሽቦ ሴንሰር በመልቲሜትር ይለካል፣ ብዙዎቹ ከ1,000 እስከ 2,000 ኦም አካባቢ ያነባሉ፣ ጎማውን በእጅ ስታሽከረክሩም ትንሽ ኤሲ ቮልት ይሰጣሉ። አዲሱ ግን ውስጡ ኤሌክትሮኒክስ ስለሆነ በኦም ምንም አይነግራችሁም፣ ጤነኛውን «ሞቷል» ብለው ያስጥሏችኋል።

የኋላው ደግሞ ሌላ ነው። ኮሮላና ያሪስን ጨምሮ ብዙ ቶዮታ ላይ የኋላ ሴንሰር ከኩሽኔታው ቤት ጋር አንድ ላይ ነው የሚመጣው። ኩሽኔታው የሚጮህ ከሆነ ሙሉውን ቀይሩ፣ ሁለት ጊዜ የእጅ አትክፈሉ። ኩሽኔታው ዝም ያለ ከሆነ ሴንሰሯን ብቻ ፈልቅቆ የሚቀይር አለ፣ እሱ ሲሳካ ብር ያተርፋል ሲበላሽ ሙሉውን ያስገዛል፣ እጁን የማታውቁት ሰው ጋ አትሞክሩት።

ዕቃ የማያስፈልገው ብልሽትም አለ። አላይመንት ካስደረጋችሁ፣ መሪ ከተፈታ፣ ወይ ባትሪ ከተነቀለ በኋላ የበራ ከሆነና ኮዱ ሲ1231 ወይ ሲ1210 አካባቢ ከሆነ የመሪውን ማዕዘን ወይ የመኪናውን መዞር የሚለካው ሴንሰር ዜሮው ጠፍቶበት ነው ብላችሁ ጀምሩ። መኪናው ቀጥ ብሎ እየሄደ መሪው ጠመም ብሎ ከቆመ ደግሞ ኮምፒውተሩ ሁሌ እየታጠፋችሁ ነው የሚመስለው። ደልዳላ ቦታ፣ መሪ ቀጥ፣ ስካነር፣ ጥቂት ደቂቃ፣ ዜሮ ፖይንት ካሊብሬሽን ይባላል። ፎልክስዋገንን ጨምሮ አንዳንድ የአውሮፓ መኪኖች ላይማ ባትሪ ከተነቀለ በኋላ መሪውን ግራ ቀኝ እስከ ጥግ አዙሮ ትንሽ መንዳት ብቻ ይበቃል። «የመዞር ሴንሰሩ ይገዛ» የሚላችሁ ካለ መጀመሪያ ይሄን አድርጎ ያሳያችሁ።

ሞጁል የሚለው ቃል ሲመጣ ግን ቀበቶ አጥብቁ። አራቱ ሴንሰር፣ ሽቦው፣ ባትሪው፣ ፊውዙና ኧርዙ ተጣርቶ ሳያልቅ ሞጁል አይባልም። ከሆነም ሰሌዳውን አስጠግኖ መመለስ ያገለገለ ገዝቶ ከመግጠም ይሻላል ባይ ነኝ፣ ያገለገለው አንዳንድ መኪና ላይ አላውቅህም ብሎ ፕሮግራም ይጠይቃል፣ ከነፓምፑ ሲቀየር ደግሞ የፍሬን ዘይት አየር የማውጣቱ ስራ ስካነር ይፈልጋል።

ዝም ብሎ መንዳትስ? ቀዩ እስካልበራና ፔዳሉ ጤነኛ እስከሆነ ድረስ መኪናው ይቆማል፣ እንደ ድሮ መኪና ነው የሚሆነው፣ ሀይለኛ ስትረግጡ ጎማ ይቆልፋል፣ ኩርባ ላይ የሚይዛችሁ የለም። በጋ ላይ ከተማ ውስጥ ደሞዝ እስኪገባ ብትቆዩ አልፈርድም። ክረምት ላይ ጣርማ በርን በጭጋግ ለመሻገር ግን አላበረታታም።

አምፖሉን ማስነቀልና ኮድ አጥፍቶ መሸጥ ደግሞ አማራጭ ብዬ አልቆጥረውም፣ ገበያ ላይ ግን ሞልቷል። ያገለገለ ስትገዙ ቁልፉን ኦን አድርጉና ሞተር ሳታስነሱ ዳሽቦርዱን እዩ፣ ኤቢኤሱም ትራክሽኑም ለጥቂት ሰከንድ በርተው መጥፋት አለባቸው። ከነጭራሹ ካልበሩ አንድ ሰው ነካክቷቸዋል። በርተው ከጠፉም ቢያንስ 20 ደቂቃ ንዱት፣ የጠፋ ኮድ ብዙ ጊዜ ጎማ ካልዞረ አይመለስም፣ ደላላው «እዚሁ ግቢ ዞር ዞር አርገው» የሚላችሁም ለዛ ይሆናል።

የኔዋ ያሪስ አዲሱ ኩሽኔታ በትክክለኛው ፊት ከገባላት በኋላ ከጋራዡ በር እስከ አስፋልቱ ድረስ ብቻ ነው መብራቱ የቆየው፣ ከዛ ጠፋ፣ እስካሁን አልተመለሰም። መኪናዋ ላይ ያለው ያው ከፋብሪካ የመጣው ሴንሰር ነው፣ ተሰብሯል የተባለው፣ ምንም አልሆነም ነበር። የገዛኋቸው ሁለቱ ካሴቶ ውስጥ ተኝተዋል፣ ሁለቱም ቀኝ ፊት።